ግማሹ የምኑ ግማሽ ነው? ስለ ምንጣፍ እጥበት የሰብ ሥራ ለተጻፈው ምላሽ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። የተጻፈው ለአዲስ ገቢዎች ነው። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ኡበርና ፓርኪንግ ላይ ዕድሜህን አትጨርስ። ያገለገለ ቫንና የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ግዛ። ከትልልቅ ድርጅቶች ሥራ በሰብ (ተቀጣሪ ሳትሆን በንዑስ ኮንትራት) ውሰድ። ከእያንዳንዱ ሥራ ግማሹ ያንተ ነው፣ አለቃ የለብህም፣ ታክስም ከሞላ ጎደል አትከፍልም፣ ኢንሹራንሱን ድርጅቱ ይዞታል። ስትለምድ ደግሞ ደንበኞቹን ይዘህ ውጣ።

ጸሐፊው ለወገን አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። እኔም ግን በዚሁ ሥራ፣ በደመወዝም በሰብም፣ ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ሠርቻለሁ። ጽሑፉን አንብበው ቫን ለመግዛት ብድር የጠየቁ ልጆች እየደወሉ ሲያማክሩኝ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ከ200 ዶላር ሥራ 100 ዶላሩ ያንተ ነው»

የጸሐፊው ሂሳብ እንዲህ ነው። አንድ ቤት በ200 ዶላር ይታጠባል፣ ግማሹ 100 ነው። በቀን ሦስት ቤት 300፣ በሳምንት 1500፣ በወር 6000። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ልጅ ይህን ሰምቶ ምራቁን ቢውጥ አይፈረድበትም።

ማባዛቱ ልክ ነው። የተረሳው ሌላ ነገር ነው። 100 ዶላሩ የሚከፈልህ ለሥራው ነው። አንተ የምታወጣው ግን ለቀኑ ነው። ምንጣፍ ላይ ቆመህ የምትውለው አራት አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረው መንገድ፣ ፓርኪንግ ፍለጋ፣ ሆዝ መዘርጋትና መጠቅለል፣ ደንበኛው በር እስኪከፍት መጠበቅ ነው። ለዚያ ማንም ሳንቲም አይከፍልህም። ጠቅላላ ክርክሬ ይኸው ነው፤ በሰብ ሥራ ዋናው ጥያቄ ስንት በመቶ ይደርስሃል አይደለም፣ ባዶውን ሰዓት ማን ይሸከማል ነው።

እስቲ አንድ ቀን እንውሰድ። ቤትህ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው እንበል። የመጀመሪያው ሥራ ሮክቪል፣ ሁለተኛው ውድብሪጅ፣ ሦስተኛው ቦዊ ነው። ሥራ የምታድለዋ ልጅ ካርታ አይታ አይደለም የምትሰጥህ፤ ክፍት የሆነውን ሰዓት አይታ ነው። በሐበሻ ሰዓት ጠዋት 1 ወጥተህ ማታ 12 ትገባለህ። አሥራ አንድ ሰዓት። ዙሩ 110 ማይል አካባቢ ይሆናል፣ የሚበዛውም ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ነው።

የፌደራሉ ግብር ሰብሳቢ አይ.አር.ኤስ ለ2025 የመኪና ወጪን በማይል 70 ሳንቲም አድርጎ አስልቶታል። ጋዙ፣ ጎማው፣ ጥገናው፣ ኢንሹራንሱና የመኪናው ማርጀት በዚያ ውስጥ ነው። 110 ማይል ማለት 77 ዶላር ነው። ኬሚካሉንና የማሽኑን ዕድሳት በትንሹ 25 ዶላር እንበል። ከ300 ላይ 198 ቀረ። ከዚህ ላይ የራስ ሥራ ታክስ (በራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ) አለ፤ 15.3 በመቶ፣ የሚሰላውም በገቢው 92.35 በመቶ ላይ ነው። ወደ 28 ዶላር ይመጣል። 170 ቀረ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 15 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነው። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። የዲሲው በሐምሌ 2025 17.95 ሆኗል። ቫን ገዝተህ፣ ማሽን ገዝተህ፣ ደረሰኝ ሰብስበህ፣ ዲሲ ውስጥ ሳንድዊች ከሚጠቀልለው ልጅ በታች ሆንክ ማለት ነው።

በአንጻሩ ያ በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ተቀጣሪ ያንኑ 55 ሰዓት በሳምንት ቢሠራ፣ ከ40 በላይ ያለው በአንድ ተኩል ስለሚታሰብ 1250 ያገኛል። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻው 7.65 በመቶ ሲቀነስ 1154 ይሆናል። የአንተ ሳምንት 850 ነው። የገቢ ታክስን ከሁለቱም አልቀነስኩም። የእሱ ቫን የድርጅቱ ነው። ትራንስሚሽኑ ቢወድቅ የሚደውለው ለቢሮ ነው፤ አንተ የምትደውለው ለዘመድ ነው።

«77 ዶላሩ ከኪሴ አልወጣም እኮ» የሚል ይኖራል። ዛሬ የወጣው የጋዙ ብቻ ነው፣ እውነት ነው። የቀረው ተጠራቅሞ አንድ ቀን ባንድ ጊዜ ይመጣል። የትልልቆቹን ማሽኖች ዋጋ ደግሞ አልነካሁትም። ቫን ውስጥ የሚገጠመው፣ ውሃውን ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ የሚገፋው ዓይነት አዲሱ በአሥር ሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው።

ይህ ሁሉ ደግሞ ቀኑ ሲሰምር ነው። የቦዊዋ ሴትዮ መንገድ ላይ ሳለህ ካንስል ብታደርግ 100 ዶላሩ በነነ። ከዚያ ደግሞ የተመላሽ ሥራ አለ፣ እኛ «ሪዱ» የምንለው። ቡና ወይም የውሻ ሽንት ከምንጣፉ ሥር ወርዶ ስፖንጁ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ታጥበዋለህ፣ ይጠራል፣ ደንበኛው ይፈርማል። በማግስቱ ምንጣፉ እየደረቀ ሲመጣ እርጥበቱ ወደ ላይ ሲወጣ ያንን ቆሻሻ ይዞት ይወጣና ነጠብጣቡ በቦታው ቁጭ ይላል። የማንም ስንፍና አይደለም፣ የምንጣፍ ጠባይ ነው። አንዳንዴ ደረቅ ምት (ውሃ ሳትለቅ ማሽኑን መልሶ መሳብ) አብዝተህ ውሃውን መምጠጥ ይረዳል፤ ግን ሌላ ቤት የሚጠብቀው ሰው ደረቅ ምት የሚያበዛበት ጊዜ የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ተቀጣሪው ለሪዱ ሲመለስ ሰዓቱ ይቆጠርለታል። ሰቡ ግን ውድብሪጅ ድረስ በነጻ ደርሶ መልስ ነው። ባየኋቸው ውሎች ሁሉ ይህ አንቀጽ አለ፣ ያውም በደቃቅ ፊደል።

«አለቃ የለብህም»

የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ቲሸርት ለብሰህ፣ ድርጅቱ ባወጣው ዋጋ፣ ድርጅቱ በሰጠህ ሰዓት፣ ስትደርስ «ደርሻለሁ» ስትጨርስ «ጨርሻለሁ» እያልክ አፕ ላይ እየነካህ፣ የራስህን ካርድ መስጠት ተከልክለህ ነው የምትሠራው። ባንድ ወቅት የሠራሁለት ድርጅት ልጄ ታሞ አንድ ቅዳሜ ብቀር ለሁለት ሳምንት ሥራ ነሳኝ። አለቃ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ሕጉም ወረቀቱ ላይ «ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር» ተብሎ በመጻፉ አይታለልም። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሠራተኛውን ሆን ብሎ በ1099 (ለሰብ በሚሰጠው የታክስ ቅጽ) የሚያሠራ ድርጅት በሠራተኛው ሊከሰስ እንደሚችል ደንግጋለች። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ኤቢ 5 የሚባለውን ሕግ በሥራ ላይ አውላለች፤ ሥራው የድርጅቱ መደበኛ ሥራ ከሆነ ሠሪውን ሰብ ማለት በጣም ይከብዳል። ምንጣፍ አጣቢ ድርጅት ምንጣፍ አጣቢውን «የኔ ሠራተኛ አይደለም» ሲል አስቡት። ማሳቹሴትስ ውስጥ ከቨራል የተባለው የጽዳት ድርጅት ለጽዳት ሠራተኞች «ፍራንቻይዝ» እየሸጠ ሲያሠራ ቆይቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2011 ሠራተኛን ሥራ ለማግኘት ክፍያ ማስከፈል እንደማይቻል ወስኗል።

ግራ የተጋባ ሰው ኤስኤስ 8 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ አይ.አር.ኤስን «እኔ ሠራተኛ ነኝ ወይስ ሰብ?» ብሎ በነጻ መጠየቅ ይችላል። አይ.አር.ኤስ ግን ድርጅቱንም ጠርቶ ይጠይቃል። ስለዚህ እዚያው መሥራት እየፈለግህ የምትሞላው ቅጽ አይደለም፤ ይህንን አውቀህ ግባበት።

«ታክስ ከሞላ ጎደል አትከፍልም»

አንድ ዶላር ዲዳክት የምታደርገው (ከገቢህ ላይ በወጪነት የምትቀንሰው) አንድ ዶላር ስላወጣህ ነው። መንግሥት ዶላሩን አይመልስልህም፤ በዶላሩ ላይ ታክስ አልጠይቅህም ነው የሚልህ። ወጪ በማብዛት የከበረ ሰው አላየሁም።

የኛ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ አንድ የተለየ ጣጣ አለበት። አካውንታንቱ ጋ ሄዶ «ምንም እንዳልከፍል አድርግልኝ» ይላል። አካውንታንቱም ያደርግለታል፤ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ) ላይ የተጣራ ገቢው 14 ሺህ ዶላር ይሆናል። በዓመቱ አዲስ አበባ ሄዶ ያገባል። ሚስቱን ለማምጣት የድጋፍ ቃል መግቢያውን ቅጽ ሲሞላ ገቢው ከድህነት መስፈርቱ 125 በመቶ መድረስ አለበት። የሚታየው ደግሞ ቫኑ ያስገባው ገንዘብ አይደለም፣ ታክስ ላይ የተጻፈው ገቢ ነው። ስፖንሰር ፍለጋ የሰው ደጅ መጥናት ይጀምራል። ቤት ልግዛ ሲልም ባንኩ በተለምዶ የሁለት ዓመት ታክስ ይጠይቀዋል፤ ያቺው 14 ሺህ ትመጣለች። የጡረታው ነገር ሌላ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያስበው ያስመዘገብከውን ነው።

የሦስት ወሩን የታክስ ክፍያም ጸሐፊው አላነሱትም። ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ መስከረምና ጥር አጋማሽ ላይ በግምት እየከፈልክ መሄድ አለብህ። ያንን ገንዘብ ለብቻው የማያስቀምጥ ሰብ በሚያዝያ ዕቁብ ያወጣ ዘመድ ሲያፈላልግ ይከርማል።

«ኢንሹራንሱን ድርጅቱ ይዞታል»

ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ሰው ይጎዳበታልና።

ፖቶማክ ውስጥ አንድ የማውቀው ልጅ ሳሎን ሊያጥብ ገባ። ወለሉ ከግድግዳ ግድግዳ ክሬም ምንጣፍ ነው። እላዩ ላይ አንድ ቀይ የሱፍ ራግ (ተነሺ ምንጣፍ) ተነጥፏል። ባለቤቷ «እሱንም እግረ መንገድህን» አለችው። ሱፍ ኃይለኛ አልካላይን ኬሚካል አይወድም፤ ቀለሙን ይለቃል። ነጭ ፎጣ አርጥቦ ጥግ ላይ አንድ ደቂቃ ጫን ብሎ መያዝ ነበረበት። ፎጣው ላይ ቀይ ከታየ ራጉ እዚያ አይታጠብም። እሱ ግን ቀጣዩ ቤት እየደወለበት ነበር። ለተራ ናይለን ምንጣፍ የሚረጨውን ረጨበት። ራጉን ሲያነሳው ክሬሙ ምንጣፍ ላይ የራጉ ቅርጽ በሮዝ ታትሟል።

ድርጅቱ ኢንሹራንስ ነበረው። የድርጅቱ ኢንሹራንስ የድርጅቱ ነው። ልጁ የፈረመው ውል ላይ «ለደረሰው ጉዳት ሁሉ ሰቡ ይከፍላል፣ ድርጅቱን ነጻ ያደርጋል» የሚል አንቀጽ አለ። ዓርብ የሚከፈለው ገንዘብ ላይ መቁረጥ ጀመሩ። የራሱንም ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል) ኢንሹራንስ ጠየቀ፤ እዚያም በሩ ተዘጋ። ተራው የላያቢሊቲ ፖሊሲ ደንበኛው ደረጃ ላይ በሆዝህ ተደናቅፎ ቢወድቅ ይከፍላል። አንተው የምትሠራበት ዕቃ፣ በእጅህ ያለው ራግና እያጠብከው ያለው ምንጣፍ ግን በተለምዶ ከሽፋኑ ውጭ ነው። ለዚያ ተጨማሪ አንቀጽ ለብቻው መግዛት አለብህ። ምንጣፍ አጣቢ ዋናው አደጋው ምንጣፉ ሆኖ ሳለ ምንጣፉን የማይሸፍን ኢንሹራንስ ይዞ የሚዞረው ሰብ ብዛቱ ይገርመኛል።

የቤት መኪና ኢንሹራንስ ለሥራ የሚዞር ቫንን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ የንግድ መኪና ኢንሹራንስ ደግሞ ውድ ነው። ወገብህ ቢቀጭስ? የሠራተኛ ጉዳት ካሳ የተቀጣሪ ነው። ሥራ ቢጠፋ የሥራ አጥ ክፍያውም እንዲሁ።

«የቅናሹን ሥራ አትናቅ፤ ትርፉ እዚያ ቤት ውስጥ ነው»

ጸሐፊው «ሦስት ክፍል በ99 ዶላር» የሚለውን ማስታወቂያ ያሞግሳሉ። ደንበኛውን ያስገባልሃል፣ አንተ ደግሞ ቤት ገብተህ ፕሮቴክተር (ቆሻሻ እንዳይዘው የሚረጭ)፣ ዲኦዶራይዘር (ሽታ የሚያጠፋ)፣ ልዩ ማከሚያ ትሸጥለታለህ ባይ ናቸው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ልንገራችሁ። ቅናሹ የቅናሽ ኩፖን በሚሸጠው ድረ ገጽ፣ በግሩፖን ከተሸጠ ከ99 ዶላሩ ግሩፖን በተለምዶ ግማሽ አካባቢ ይወስዳል። ለድርጅቱ 50 ቀረ። የአንተ ግማሽ 25 ነው። ሦስት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት፣ መንገዱ ሳይቆጠር 25 ዶላር። በዚህ ማንም ሊኖር አይችልም፤ ድርጅቱም ያውቀዋል። ስለዚህ የተላክኸው ልታጥብ አይደለም፣ ልትሸጥ ነው። ካልሸጥክ ከስረሃል፤ ከሸጥክ ደግሞ ግማሹ አሁንም የእነሱ ነው። በዚህ ጫና ውስጥ ነው አንዳንዱ ውሃ ረጭቶ «ፕሮቴክተር ነው» የሚለው። የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ባስነገሩት ዋጋ ለመሸጥ ሳያስቡ ደንበኛ መሳብን የማታለያ ማስታወቂያ ብሎ ከፈረጀው ቆይቷል። ማስታወቂያውን ያወጣው ቢሮ ቁጭ ያለው ነው። ቤቷ የምትታጠብላት ደንበኛ የምታየው ግን ያንተን ፊት ነው፤ ግምገማው ላይ የምትጽፈውም ያንተን ስም ነው።

«ስልክ ለሚያነሳ ሰው ግማሽ መስጠት በዝቷል፤ ስለዚህ ደንበኞቹን ይዘህ ውጣ»

እዚህ ላይ፣ ሳይታሰብ፣ ለድርጅቶቹ ጥብቅና ልቆም ነው። ደንበኛ ማምጣት ውድ ነው። ጎግል ላይ ለአንድ ጠሪ ይከፈላል፣ የደወለው ሁሉ ደግሞ አያሠራም። የደንበኛ ስም የሚሸጡት ኩባንያዎችም ሁልጊዜ የሚታመኑ አይደሉም፤ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ሆምአድቫይዘርን ስለሚሸጣቸው ስሞች ጥራት አሳስቷል ብሎ ከሶ፣ ኩባንያው በ2023 እስከ 7.2 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ያንን ስም የገዛው ድርጅት ቢከስር ከሰቡ አልተካፈለም። ስለዚህ ግማሹ በነጻ የሚወሰድ አይደለም። ድርጅቱ የሚሸጥልህ የሞላ ቀን ነው። ቀኑ ካልሞላ ግን ግማሹን የከፈልከው ለምንም ነው። መደራደር ያለብህም እዚያ ላይ ነው። ከ50 ወደ 55 በመቶ ከመጨቃጨቅ ይልቅ በቀን ዝቅተኛ ክፍያ፣ ከተወሰነ ማይል በላይ የመንገድ ገንዘብ፣ በር ላይ ደርሰህ ለሚሰረዝ ሥራ ክፍያ፣ ለሪዱ ግማሽ ሂሳብ ጠይቅ። የሚከለክልህ ድርጅት ባዶው ሰዓት ያንተ እንዲሆን ይፈልጋል ማለት ነው።

ደንበኛ ይዞ መውጣቱን በተመለከተ፣ ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ ዝቅተኛ ተከፋዮችን «በዚህ ሥራ ከኛ ጋር አትወዳደሩም» በሚል ውል ማሰር ከልክላለች። ደንበኛው በራሱ ፈልጎህ ቢመጣና ብታገለግለው ያ አያስጠይቅም። አንተ በድርጅቱ ሲስተም ያገኘኸውን ስልክ ይዘህ እየደወልክ «በርካሽ እመጣለሁ» ስትል ግን ሌላ ነገር ነው። የፈረምከው ውል ብዙ ጊዜ ይህንን ይከለክላል፤ ጠበቃ ያላቸውም እነሱ ናቸው።

ከዚህ ይልቅ ጸሐፊው ያላነሱት ገበያ አለን። ቤተ ክርስቲያኖቻችን ውስጥ ጫማ ወልቆ ነው የሚገባው። በሺህ የሚቆጠር ስኩዌር ፊት ምንጣፍ፣ በየሳምንቱ የሚሰገድበት፣ ሻማና ዕጣን የጠገበ። መስጊዶቹም እንዲሁ፣ ከረመዳን በፊት በተለይ። አንድ ቦታ፣ አንድ ፓርኪንግ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ሳይጠፋ የሚሠራበት ሥራ ነው። መቶ አሥር ማይል መንገድ የለም፣ ግማሹን የሚቆርጥ የለም። ሪል እስቴት ላይ ያሉ ልጆቻችን ቤት ከመሸጣቸው በፊት የሚያሳጥቡትን ጨምርበት። ማናሳስ ያለ አንድ ወዳጄ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ባሉ የራሱ ደንበኞች ይሸፍናል። የሰብ ሥራ የሚወስደው ለቀሩት ባዶ ቀኖች ብቻ ነው። ሲደወልለት «ከ15 ማይል ካልራቀ» ይላል። ሌላውን እምቢ ማለት ይችላል፤ የቤት ኪራዩ ከእነሱ አይመጣምና። በዚህ መንገድ ከሆነ ሰብ ሥራን እኔም አልቃወምም።

የቤተ ክርስቲያን ሥራ ጣጣ የለውም እያልኩ አይደለም። ምንጣፉ በፋሲካ ዋዜማ ይታጠባል፣ ቼኩን ግን ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪያጸድቅ ጰራቅሊጦስ ይደርሳል። ለዚያ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበል።